ሁሉም አስቸኳይ የሆነበት ጠዋት

የዓይን ክሊኒኩን የተራ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ የጻፈችው አንዲት ልጅ ናት። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ታካሚ አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም ራሱን የቻለ መዝገብ፣ ነው፤ ሁሉም የተሠሩት «ታካሚ» ከሚባል ከአንድ ክላስ፣ ማለትም ከአንድ የጋራ ንድፍ፣ ነው። አንዱ ሕመሙ ሲጠናበት፣ ፕሮግራሙ ሳይቆም፣ «አስቸኳይ» የሚባል ሚክሲን፣ ማለትም ተጨማሪ ጠባይ፣ ይታከልለታል፤ የለበሰውን ሳያወልቅ ካፖርት እንደሚደርብ ሰው በሉት። ወዲያው ከፊት ይሰለፋል።

ያን ቀን እናቷ ቁጥር አርባ አንድን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሰዓቱ አራት ነው፣ ገና አሥራ ዘጠነኛው ሰው መግባቱ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ከወጣ ለአንድ ወር አይመለስም። የእናትየው ዓይን እንኳን ወር ሳምንትም የሚታገሥ አይመስልም፤ ጠዋት በር ጥግ የቆመውን መጥረጊያ «እንደምን አደርክ» ብላዋለች።

«ለእናቴ ያልሆነ ኮድ ለማን ሊሆን ነው?» ብላ ልጅት እናቷ ጎን ላፕቶፗን ከፈተች። እንግዲህ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ሚክሲኑን ለእናቷ ኦብጀክት ብቻ መደረብ ሲገባት ሁሉም ለተሠሩበት ለራሱ ለ«ታካሚ» ክላስ ደረበችው።

ጉድ ፈላ። ድምፅ ማጉያው «ቁጥር ሃያ፣ አስቸኳይ። ቁጥር ሃያ አንድ፣ አስቸኳይ» እያለ ሳይተነፍስ ሁሉንም ጠራ። የመነጽሩን ብሎን ሊያስጠብቅ የመጣው ሰውዬ እንኳ ደረቱን ይዞ ተነሣ። ደህና የነበረ ሰው ሁሉ በአንድ አፍታ ታመመና የሐኪሙን በር አጨናነቀው።

ሲስተሯ ከውስጥ ወጥታ «ይሄን ያደረገው ማነው?» አለች።

ልጅት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ ነኝ። እናቴን ላስቀድም ብዬ ነው» አለች።

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እናትየውን አየ። ከአግዳሚው ያልተነሣችው እሷ ብቻ ናት።

«ብቻዬን ብጠራም አልገባም ነበር። እነዚህ ከእኔ ቀድመው አይደል የመጡት?» አለች።

ልጅት ሚክሲኑን ከክላሱ ላይ ነቀለችው። ሰዉን መልሶ በየቁጥሩ ለማስቀመጥ ግን ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ የብሎኑ ሰውዬ «አሁንም ያመኛል» ብሎ ድርቅ አለ።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሐኪሙ ቁጥር ሠላሳ ስምንትን ሸኝቶ በሩን ቆለፈ። ልጅት ከእናቷ ጋር የቀሩትን ሦስት ሰዎች በጣቷ ቆጠረች። ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ያ ሃያ ደቂቃ አይባክንም፣ እናቷም ትደርስ ነበር።

እናትየው ክንዷን ዘረጋችላት። «በይ ምሪኝ» አለቻት፣ «ደረጃው አይታየኝም።»