ሁለት ስምንት

በሮሳሪዮ ከተማ ሆስፒታል ደንቡ ግልጽ ነበር። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ሰው ሲመጣ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለየብቻ ያነጋግሩታል፤ ለየብቻም እንደ አደጋው መጠን ነጥብ ይሰጡታል። ሁለቱም ከአሥር በታች ከሰጡት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳቸው እንኳ አሥርና ከዚያ በላይ ከሰጡት አልጋ ይያዝለታል።

ከባለሙያዎቹ አንዷ ኔሊዳ ለታካሚዋ ለኦፌሊያ አሥራ አራት ሰጠች። ኦፌሊያ ጥያቄውን ሁሉ ፈገግ እያለች ነው የመለሰችው፤ ብቻ ድመቷን ለጎረቤት መስጠቷን እንደ ዋዛ ጣል አድርጋ አለፈች። ሊሞት የቆረጠ ሰው የሚወደውን አስቀድሞ ይሰጣልና ይቺ ድመት ኔሊዳን አላስቀምጥ አለቻት።

ቅጹን ይዛ ቢሮ ስትገባ ሁለተኛው መዛኝ ኡሊሴስ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ አዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር። ኡሊሴስ በሥራው ሃያ ዓመት ይበልጣታል። አንዷ ኩባያ ከነመምጠጫዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ወሬውም አብሮ ይዞራል።

«ስንት ሰጠሻት?»

«አሥራ አራት። አንተስ?»

«ስምንት። ምን ሆና ነው? ስትስቅ አይደል እንዴ የነበረችው።»

«ድመቷን ሰጥታለች እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔም ሚስቴ ብትፈቅድልኝ ውሻዬን ዛሬውኑ እሰጥ ነበር» አለና ኩባያውን አቀበላት። «ደግሞ ቁጥራችን ከተራራቀ አለቃችን ዶክተሯ መለኪያው አይታመንም ብላ እንደ አዲስ ልታሠለጥነን ነው።»

ኔሊዳ ሳቀች። ላጲሷንም አነሳች። ለዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም። ኦፌሊያ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ተሸኘች።

በሚቀጥለው ዓርብ ኃላፊዋ ዶክተር ባሳልዱዋ የወሩን ውጤት በስብሰባ ላይ አነበቡ። ከመቶው ታካሚ በዘጠና ስድስቱ ላይ ሁለቱ መዛኞች ተስማምተዋል። «ከዚህ የበለጠ የሚታመን መለኪያ ከየት ይመጣል?» አሉ፤ ተጨበጨበ። ኦፌሊያ የተቀበረችው በዋዜማው፣ ሐሙስ ነበር።

ሰኞ የኦፌሊያ ወንድም ራሚሮ መጣ። ለጠብ አልነበረም የመጣው፤ ኔሊዳን የባሰ የጎዳትም ይኸው ነው።

«ብቻዋን ትቻት ሥራ ሄድኩ» አላት ቆቡን በእጁ እያሻሸ። «ግን በመሸኛ ወረቀቷ እንደተጻፈው ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አይተው ስምንት ካሉ፣ እኔ ከየት ላውቅ እችል ነበር? አይደለም እንዴ፣ እመቤቴ?»

አዎ ብትለው ይሄድላት ነበር። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችለት። ከስምንቷ ሥር የተፋቀው አሥራ አራት በደንብ ይነበባል።

ራሚሮ ከቅጹ ቀና አለ።

«ታዲያ ለምን ፋቅሽው?»

ሌላ ምክንያት ብትፈልግ አጣች።

«ማቴ እየጠጣን ነበር» አለችው።