ከትርታ ላይ የማይነሡ ጣቶች

«ሰማይ ጠቀስ» የሚሉት የአሳንሰር መካኒክ በሆስፒታሉ አሳንሰር በር ፊት ቆሟል፤ መቆም ከተባለ። በትከሻው ግድግዳውን ተደግፏል፣ ላቡ ጫማው ውስጥ ኩሬ ሠርቷል፤ በግራ እጁ ሁለት ጣቶች የቀኝ እጁን አንጓ ጥርቅም አድርጎ ይዟል። ሚስቱ ዘጠነኛ ፎቅ ተኝታለች። ከቀትር በፊት ለቀዶ ጥገና ትገባለች፤ ሐኪሞቹም «በደህና ትወጣለች» ላለማለት አፋቸውን ሲቆልፉ ሰንብተዋል።

ይህን ሰው በደህናው ቀን ያየ ዛሬ አያምንም። በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ምሳውን የሚበላ ጀግና ነበር። የተበላሸ ሞተር ኮቴውን ሲሰማ ከሃፍረት ብዛት ራሱን ጠግኖ ይነሣ ነበር። ቅጽል ስሙም ከሥራው ይልቅ ከወሬው የመጣ ነው፤ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ከወረደ፣ ሲያወራው ደመናውን በራሱ ቆብ ጠርጎ ነው የተመለሰው።

ባለፈው ክረምት ግን መብራት ጠፋና ራሱ የጠገነው አሳንሰር ውስጥ ቀረ። በጨለማው ልቡ ደለቀች። «ልትቆም ነው» አለ በሆዱ። አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ በሩ ተከፈተለት፤ እሱ ግን ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሐውልት ቆሞለት እንደተመለሰ ለአገር ምድሩ አወራ። ሰው ሳቀ። ልቡ ግን አመነው። ሌላውን ሲያስቅ የኖረ ማጋነኑ ፊቱን አዙሮ ባለቤቱን ያስጨንቀው ጀመር።

የልብ ሐኪሙ መርምሮ «የበሬ ልብ ነው ያለህ» አለውና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከው፤ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለም ጋሼ?» አለችው። «ልጡ አይነክስም። የሚያስሮጥዎት ‹እባብ ነው› የሚለው ሐሳብ ነው። ልብዎ ሲመታ ምን ይሰማዎታል?»

«መድፍ ነው ልጄ! ሰፈሩ በሙሉ መስኮት ይዘጋል!»

«ሳይጨምሩ ይንገሩኝ።»

«ሳልጨምር? እሱንማ መቼ ተምሬው!»

ሳቀችና ትርታውን ወደያዙት ሁለት ጣቶቹ አመለከተች። «እነዚህ ጣቶች ለምን እዚያ ተቀመጡ?»

«ልቤ እንዳትቆም እየጠበቅኋት ነዋ።»

«ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሳይሞቱ ሲቀሩ ‹ጣቶቼ አዳኑኝ› ይላሉ። ስለዚህ ሐሳብዎ ሐሰት መሆኑን አያዩትም። አንድ ቀን ያንሷቸውና ይዩ።»

አላነሣቸውም። በአንድ እጅ ደግሞ ብሎን አይፈታም፤ ሥራውን ተወ። ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉን ደረጃ ሞክሮት ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ልቡ ስትዘል «በቃ፣ አለቀልኝ» ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወረደ።

የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። የሚስቱ ታላቅ እህት ናት።

«አንተ ሰውዬ! እሷ ዐይኗን በሩ ላይ ተክላ፣ አንተ እዚህ ቆመህ ራስህን ትጨብጣለህ?»

«እትዬ፣ ልሞት እኮ ነው።»

«ሙት! ግን ላይ ወጥተህ ሙት። እዚያ ሐኪም አለ።»

«ምን አለች?»

የእህትየዋ ድምፅ ወረደ። «‹ከእኔ እጅ የራሱን ይወዳል› አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ቀልድ አልነበረም።»

ከእሷ ጋር እንዴት አሳንሰሩ ውስጥ እንደገባ አያውቀውም። በሩ ተዘጋ። ገመዱን አይፈራም፤ ገመድ ቢበጠስ ፍሬኑ ሐዲዱን ነክሶ እንደሚይዝ ለስንቱ ፈሪ ሲያስረዳ ኖሯል። ፍሬን ያልተገጠመላት ልቡ ናት። «እንደምትቆም ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። የመለሰለት ድለቃው ነው። ጣቶቹን ሊያነሣ ሞከረ፣ እንደ ዛገ ብሎን እምቢ አሉት። ዘጠነኛ ፎቅ ሲደርስ አንጓውን እንደያዙ ናቸው።

ሚስቱን በተሽከርካሪ አልጋ ኮሪደር ላይ አውጥተዋታል። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«መጣህ?» አለች። «እጅህን ስጠኝ እንግዲህ።»

ሁለቱ ጣቶች ተነሡ። በለመዱት መንገድ ሄደው የእሷ አንጓ ላይ ዐረፉ። ትርታዋ ከእሱ ብሶ ይጋልባል።

«አንቺ፣ ልብሽ!»

«ፈርቼ ነዋ። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ከክረምቱ ወዲህ ያጣው ማስረጃ ይኸው እጁ ውስጥ ይመታል። የፈራ ልብ ይጋልባል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የእሱን ልብ አሁን ማንም አልያዛትም፣ አልቆመችምም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን እሱ ሲሸሸው የከረመው ልጥ ነው፤ የእሷ እውነተኛ እባብ ነው።

«በል አንድ ነገር በለኝ» አለች። «እንደ ልማድህ ቆልለህ። እንደምነቃ፣ እንደምሮጥ፣ አገር እንደምንዞር።»

አፉን ከፈተ። ያ ደመና ጠራጊ ምላስ ዛሬ ምንም አልጨመረም።

«ፈርቻለሁ» አላት።

«እኔም።»

ነርሶቹ አልጋውን ገፉት። አብሮ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ አንጓዋ ከጣቶቹ ሥር አመለጠ፣ በሩም ተዘጋ። እህትየዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ እዚያው ቆሟል። ልቡ ደረቱን ትደበድባለች፤ ትደብድብ። ሁለቱ ጣቶች የእሷን አንጓ ይዘው እንደነበረው ታጥፈው አየር ላይ ቀርተዋል፤ ወደ ገዛ እጁ ግን አልተመለሱም።