ለግላይዛ ማን ይንገራት

ግላይዛ ከቡድኑ እንድትወጣ የተወሰነው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ነው። ወሳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ የቡድኑ መሪ ማሪቪክ፣ አርኔልና ጄርዊን። ሦስቱም ማኒላ ውስጥ የድርጅት ተግባቦት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ለትምህርቱ አንድ የሰርዲን ፋብሪካ ተመድቦላቸው፣ በፋብሪካው ውስጥ ወሬ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ የአለቃ ትእዛዝ የት ላይ እንደሚቀር ያጠኑ ነበር። ግላይዛ አራተኛዋ ናት። ሌሊት ሌሊት ለውጭ አገር ደንበኞች ስልክ በሚመልስ ድርጅት ትሠራለች። ስለዚህ ቡድኑ ወደ ፋብሪካው በሄደባቸው ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነበር።

መምህርቷ ማም ሮዶራ ቡድን አባሉን ማሰናበት እንደሚችል ገና ሲጀመር ተናግረዋል። ደንብ ግን አለው። የሚሰናበተው ሰው ፊት ለፊት ይነገረዋል፤ የሚነገረውም ትምህርቱን የማቋረጫው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ወይም ከዚያ በፊት ነው። ማቋረጫው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ተነግሮት ያቋረጠ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይማረዋል፤ ቡድን ሳይኖረው ሳያቋርጥ የቀረ ይወድቃል። ግላይዛ የምትማረው በነጻ ትምህርት ዕድል ስለሆነ፣ አንድ ትምህርት ከወደቀች ዕድሉን ትነጠቃለች።

«ማን ይንገራት?» አለ አርኔል።

«ጄርዊን ነዋ» አለች ማሪቪክ። «መጥፎ ዜና ስለ መንገር የተፈተንን ጊዜ ከሁላችን የበለጠው እሱ አይደል?»

«እሱ እኮ ወረቀት ላይ ነው» አለ ጄርዊን።

«አሁን በአፍህ ታደርገዋለህ። ደግሞ ፊትህ የቄስ ፊት ነው፤ ማንም አይቆጣህም።»

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ጄርዊን ግላይዛን ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለው የአሊንግ ቤባንግ ምግብ ቤት ወሰዳት። እንዲህ ያለ ነገር በባዶ ሆድ አይነገርም ብሎ ሩዝና አዶቦ የሚሉትን የሥጋ ወጥ አዘዘላት። መናገሩ ሲያቅተው ፓስታ መሳዩን ፓንሲት ጨመረ። ግላይዛ ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ግን ደስ ብሏት ትበላለች።

«ትናንት አንዱ ደንበኛ ሰደበኝ፣ ሰደበኝና ሲደክመው ‹ለመሆኑ እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?› አለኝ። ሌሊት ነው ስለው አዘነልኝ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ከቆመበት ቀጠለ።»

ጄርዊን አልሳቀም። በሁለት ዓመት ስለምትበልጠው እንደ ታላቅ እህት «አቴ» እያለ ነው የሚጠራት። «አቴ ግላይዛ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ።

ባለ ምግብ ቤቷ አሊንግ ቤባንግ ሳህን ተሸክመው ሲያልፉ ሰሙት።

«ኧረ ንገራት ልጄ! አፍንጫህ ሳይቀር አልቦታል። የኔ ባል እንደሚወደኝ ሲነግረኝ ቢያንስ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር!»

ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሳቁ። ግላይዛ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጄርዊን፣ ስማኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ያሰብኩት ነገር ከሆነ አትንገረኝ። ጥሩ ልጅ ነህ። ግን ለእንቅልፍ እንኳ ጊዜ የለኝም፤ ለፍቅር ከየት አመጣለሁ?»

«አይ፣ እሱ አይደለም...»

«አትፈር። ምንም አልሰማሁም፤ በቃ።»

ጄርዊን በተፈጨ በረዶ የሚሠራውን ጣፋጭ፣ ሃሎ ሃሎ፣ አዘዘ። በረዶው እስኪቀልጥ ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ከዚያ እሷ ጂፕኒ ተሳፍራ ልትተኛ ሄደች።

ማታ ማሪቪክ «ነገርካት?» ብላ ጻፈችለት። «አወራን» ብሎ መለሰ። «ምን አለች?» አለችው። «አልተቆጣችም» አለ። ሁለቱም መልሶቹ እውነት ነበሩ።

ረቡዕ ሲደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። ሐሙስ ክፍል ውስጥ አያት፤ እሷ ግን ልጁ እንዳይሳቀቅ ብላ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ማሪቪክና አርኔል ተራ በተራ ሰላም አሏት፤ ከወትሮው በላይ ሳቁላት። «ጠንካራ ናት» አለ አርኔል በኋላ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሕንፃው ሥር ካለው የድንጋይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዳቦ ሲበሉ ግላይዛ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የወረቀት ጥራዝ አስቀመጠች።

«ቃለ መጠይቆቼ። የፋብሪካውን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ማለዳ ሲወጡ በር ላይ ጠብቄ ነው ያናገርኳቸው።»

ማሪቪክ ጥራዙን አየች፤ ጄርዊንን አየች። አርኔል ዳቦውን ወደ ግላይዛ ገፋ አደረገላት።

«መጀመሪያ ብዪ እስቲ።»

«ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

ጄርዊን ተነሥቶ ቆመ።

«ከቡድኑ አስወጥተንሻል» አለ ባንድ ትንፋሽ። «ማክሰኞ የጋበዝኩሽ ልነግርሽ ነበር። ማቋረጫው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

በአጠገባቸው ተማሪዎች ያልፉ ነበር። ጥቂቶቹ ዞር ብለው አዩ።

«ያ ሁሉ ፓንሲት ለዚህ ነው?» አለች ግላይዛ።

«አዎ።»

«ሃሎ ሃሎውም?»

«እሱም።»

ጥራዟን አንሥታ ወደ ማም ሮዶራ ቢሮ ወጣች። ጄርዊን ተከተላት፤ አልከለከለችውም፣ አልጠበቀችውምም።

«ለማቋረጥ ፊርማዎን ፈልጌ ነው፣ ማም። ቡድኔ አሰናብቶኛል።»

«መቼ ነው የተነገረሽ?»

ግላይዛ ጄርዊንን አየችው። ማክሰኞ ብትል መምህርቷ ይፈርማሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«አሁን» አለች። «ታች፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት።»

ማም ሮዶራ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲያው አልተሰናበትሽም። አንተም ልጅ፣ ከማርክህ ይቀነሳል።»

«እሺ፣ ማም» አለ ጄርዊን።

«ማም፣ እነሱ እኮ አይፈልጉኝም።»

«ደንቡ ስለ መፈለግ ምንም አይልም። ማቋረጥ ካማረሽ ግን እፈርምልሻለሁ። ውጭ ተቀምጠሽ አስቢበት።»

መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ግላይዛ ተቀመጠች። ብታቋርጥ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ባታቋርጥ እስከ መጨረሻው ከነዚህ ሰዎች ጋር ናት። ጄርዊን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ለምን ማክሰኞ አላልሽም?»

«ማክሰኞ አልነገርከኝማ።»

ረጅም አዛጋች። ከዚያ ተነሥታ ደረጃውን ወረደች። ማሪቪክና አርኔል ከጠረጴዛው አልተንቀሳቀሱም።

«አልወጣሁም» አለቻቸው ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ መልሳ፣ ሳትቀመጥ። «ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ። ጠዋት እተኛለሁ፤ እሱ አይቀየርም። የማይመቻችሁ ነገር ሲኖር በዕለቱ ለራሴ ንገሩኝ።»

አርኔል ዳቦውን ያይ ጀመር። ማሪቪክ ጥራዙን ስባ ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«አሁንም የማይመቸን አለ» አለች።

«ምን?»

«ቃለ መጠይቆቹ ላይ ቀን የለም። ማን መቼ እንደተናገረ ካልታወቀ አይጠቅሙንም።»

ግላይዛ ቦርሳዋን አውርዳ ተቀመጠች፤ ከአርኔል እስክሪብቶ ተቀብላ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ቀን መጻፍ ያዘች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገና ግማሹ ላይ ነበረች።