አጥንት የሌለው በግ

ፕላዝማ የሚሉት የትምህርት ቴሌቪዥን መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ፣ የባዮሎጂ መምህሩ የትዕዛዙ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆኖ ቀረ። ባዕዱ መምህር ከመስታወቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲጋልብ፣ ትዕዛዙ ጥግ ይዞ እንደ ሚዜ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ተስፋው አንድ ብቻ ነበር፤ ለሁለተኛ ዲግሪ መላክ። ለዚያ ደግሞ የርዕሰ መምህሩ የወሰኔ ድጋፍና በቅርቡ ከላይ የሚመጣው ልዑክ ይሁንታ ያስፈልገዋል።

ወሰኔን ከፕላዝማው ትምህርት ሁሉ የማረከው አንድ ነገር ነው። ታላቁ ነጭ ሻርክ የሚባለው የባሕር ዓሣ መዋኘት ካቆመ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ።

«ልማትም እንዲህ ነው! ከቆመ ይሞታል! ልዑኩ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ተሥሎ ይጠብቀው።»

ሥራው ከራቤል እስከ ቀየት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚሥሉት ለአለቃ ውባየሁ ተሰጠ። ትዕዛዙም ጀርባውን ግራጫ፣ ሆዱን ነጭ እንዲያደርጉት አስረዳቸው። ወሰኔ ይህን ሰምቶ እየተንደረደረ መጣ።

«ነጭ እየተባለ እንዴት ግራጫ ይሆናል?»

«ነጭ ያሰኘው ሆዱ ነው፣ ጋሼ ወሰኔ። ታላቅ የተባለው በግዝፈቱ ነው። ሊቃውንቱማ የሳይንስ ስሙን ያወጡለት ከጥርሱ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ ‹ባለ ስል ጥርስ› እንደ ማለት።»

«ስማኝ አንተ። አባትህ ለበሬው ስም ያወጣው ከሥሩ ተንጋሎ ሆዱን አይቶ ነው? ጀርባው ግራጫ ቢሆን ኖሮ ዳልቻ ይሉት ነበር። ነጭ ካሉት ነጭ ነው!»

መንዝ ውስጥ የከብት ስም ከጀርባው ነው የሚነሣው። ትዕዛዙ ሚዛናዊ ሰው ነውና የወሰኔ ነገር ውሃ የሚያነሣ መሰለው፤ «እሺ፣ ነጭ ይሁን» አለ። እሺ ያሰኘው ግን ሚዛናዊነቱ ብቻ አልነበረም፤ ዲግሪውም ነበረበት።

አለቃ ውባየሁ የዓሣውን ፊት በጎኑ ሊነድፉ ሲሉ ብሩሻቸውን ገታ አደረጉ።

«ለመሆኑ ይኼ ፍጡር ደግ ነው ክፉ?»

«ልማት ነው፣ አለቃ!» አለ ወሰኔ።

«እንዲያ ከሆነ በአንድ ዓይን አልሥለውም። በአንድ ዓይን የሚሣለው ርኩስ ነው። ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል።»

ጥርሱን ደግሞ ወሰኔ «ልማት አይናከስም» ብሎ አስቀረው። ሰማያዊ ቀለም ስላልተገኘ ባሕሩ ከቤተ ክርስቲያን በር በተረፈ አረንጓዴ ተቀባ። ሲያልቅ በአረንጓዴ መሀል የቆመ፣ ነጭ፣ ድምቡሼ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ያቆመ፣ አፉን የገጠመ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች እንደ ጻድቅ የሚመለከት ነገር ሆኖ ወጣ።

የልዑኩ መሪ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከመኪና ሲወርዱ አዩትና ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ዝርያው የተሻሻለው በግ እዚህም ደርሷል!»

ወሰኔ «ዓሣ ነው» ሊል ነበር፤ ተወው። በዚያ ሰሞን የተሻሻለ በግ ያልገባበት ንግግር ጭብጨባ አያገኝም ነበር።

«አዎን፣ በሚገባ ደርሷል» አለ።

«እግሩስ?»

«ሣሩ ውጦት ነው። መኖ ልማቱ ከልክ አልፎ።»

«ጀርባው ላይ የቆመውስ?»

«ላቱ ነው» አለ ወሰኔ ግንባሩን እየጠረገ። «ሲሻሻል ወደ ላይ ወጥቶ።»

«በሉ ባለሙያው ያብራሩልን።»

ሁሉም ወደ ትዕዛዙ ዞረ። ዓሣ ነው ቢል ወሰኔ ይዋረዳል፤ ድጋፉም ገደል ይገባል። በግ ነው ቢል ዋሸ። ሦስተኛ መንገድ ታየው፤ የእንስሳውን ስም ሳይጠሩ እውነቱን ብቻ መናገር። በብልሃቱ ትንሽ ኮራ።

«አጥንት የለውም። አካሉን የሚያቆመው እንደ ጆሯችን ያለ ለስላሳ ነገር ነው።»

«ሁለመናው ሥጋ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

«ልጆቹ እንደተወለዱ እናታቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ ጡት የሚባል አያውቁም።»

«ወተቱ ለአርሶ አደሩ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጥርሱ ቢወልቅ ዕድሜ ልኩን ሌላ ይተካል።»

የወላጆች ተወካይ የነበሩት አቶ ወልደ ጻድቅ፣ አሮጊት በጎቻቸው ጥርስ አልቆባቸው ሣር መንጨት አቅቷቸው ነበርና፣ «ተመስገን!» ብለው ተነሡ።

ትዕዛዙ ጨነቀው። ፍንጭ የሰጠ መስሎት፣ «ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው» አለ።

«መስኖውም አብሮ ታስቧል!» አሉ ወይዘሮዋ፤ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

ወሰኔ ድጋፉን አልነፈገውም። ጭብጨባው እንደ በረደ፣ «ይህን መምህር ለሁለተኛ ዲግሪ ብንልከው» አለ።

«ምን ሊማር?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ደንግጠው። «ይህን የመሰለ አዋቂ ከአርሶ አደሩ ይነጠላል? የበግ ማሻሻያው አስተባባሪ ሆኖ ከነገ ጀምሮ ወረዳ ይግባልኝ። ክፍሉን እንደሆነ ፕላዝማው ይይዘዋል።»

ትዕዛዙ ወደ ፊት ራመድ አለ። «ይቅርታ፣ እኔ እኮ እስካሁን ያወራሁት ስለ ዓሣ ነው።»

ልዑኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንባቸውን ጠርገው ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «ጨዋታም ያውቃል! ለገበሬ የሚስማማ ይኼ ነው።»

በማግስቱ ወልደ ጻድቅ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከወረዳው ቢሮ በር ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ለዘር እንድትሆነኝ ሴቷን ነበር። መቼም ከወንዱ ታንሳለች አይደል?»

«የለም አባባ፤ ሴቷ ናት የምትገዝፈው» አለ ትዕዛዙ።

ይህም እውነት ነበር። ሽማግሌው መርቀውት ወረፋ ያዙ።