በወባ የታቀፈ እንቁላል

ናፊሳ ከሮቢ ወንዝ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ላባ ተበትኖ አገኘች። ገብስማ ላባ ነው። እንስራውን ሳታወርድ ጓዳ ገባች። ዶሮዋ የታቀፈችበት ቅርጫት ከጎታው ሥር እንዳለ ነው፤ ዶሮዋ ግን የለችም። እጇን ብትሰድ እንቁላሎቹ ገና እንደ ትኩስ ቂጣ ይሞቃሉ።

"የፋዲላ አባት! ማን ገባ?"

ባሏ አብዱልወሃብ መደብ ላይ ተጋድሟል። ወባ ከያዘው ሰንብቷል፤ አንድ ቀን ያንቀጠቅጠዋል፣ አንድ ቀን ይተወዋል።

"ተሻለ ነዋ" አለ ጥርሱ እየተጋጨ። "ከዚያ ከቀዩ ሶላቶ ጋር። አንገቷን አንቆ አወጣት።"

"አንተስ?"

"እኔማ እንቀጠቀጣለሁ። ተሻለ 'ሰውዬው ለእንግዳ እስክስታ ይመታል' ብሎ ሳቀብኝ።"

ተሻለ የጣልያን ወታደሮች፣ የሶላቶዎቹ፣ አስተርጓሚ ነው። ጣልያን መንገድ ሊሠራ ሮቢት ላይ ድንኳኑን ከተከለ ወዲህ ዶሮ የሚባል ነገር ከመንደሩ እየጠፋ ነበር። ግማሹን ፈንግል ጨረሰው፤ ከፈንግል የተረፈውን ሶላቶ በላው። መብላቱንስ ይብላ፣ አበላሉ ነው የሚቀፈው። ናፊሳ ያንን ቀዩን ሶላቶ ገበያ ላይ አይታዋለች። ጥሬ እንቁላል በሚስማር ይበሳና አንጋጦ ይመጠዋል፤ ዝልግልጉ በአገጩ ሲወርድ በእጅጌው ይጠርገዋል። ያን ዕለት እህል አልወርድ ብሏት ነው የዋለችው።

ዶሮዋ የልጃቸው የፋዲላ ነበረች። ልጅቱ ከጫጩትነቷ ጀምራ በሻሿ እያዘለች ነው ያሳደገቻት። ፋዲላን ባለፈው መስከረም ይኸው ወባ ወሰዳት። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ "ዶሮዋ ትታረድና ሰደቃ ትሁንላት" ቢል ናፊሳ እምቢ አለች። ልጇ የተወችላት ሕይወት ያለው ነገር ያች ዶሮ ብቻ ነበረች። አሁን ደግሞ እነዚህ እንቁላሎች ብቻ ቀሩ።

ሊፈለፈሉ ከግማሽ በላይ ሄደዋል። ከቀዘቀዙ ግን አለቀ። ናፊሳ ትኩስ አመድ አሰበች፤ አመድ ግን ውሸታም ነው፣ አሁን ያቃጥላል፣ ዞር ሲሉ ይበርዳል። ፍግ ውስጥ ልቅበራቸው አለች፤ የሮቢት ፀሐይ የመታው ፍግ እንኳን እንቁላል ሥጋ ይቀቅላል። በራሷ ብብት እንዳትይዛቸው ውሃ አለባት፣ ወፍጮ አለባት፣ እንጨት አለባት። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ብርዱ ለቆት አሁን እንደ ምድጃ ይነዳል።

"ልጄን የበላህ እሳት" አለች በሆዷ፣ "እስቲ ደግሞ ሥራ።"

ቅርጫቱን ይዛ መደቡ አጠገብ ቆመች።

"የፋዲላ አባት፣ ክንድህን አንሳ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"አንሳ አልኩህ።"

እንቁላሉ ብብቱን ሲነካው ዓይኑ ፈጠጠ። "አንቺ ሴትዮ አብደሻል! እኔ ዶሮ ነኝ?"

"ዶሮማ ብትሆን ሲመጡብን ትጮህ ነበር።"

አብዱልወሃብ ክንዱን ዝቅ አደረገ። ናፊሳ ሁለቱንም ብብት ሞላችና የቀሩትን በፋዲላ ሻሽ ጠቅልላ ሆዱ ላይ አሰረች።

ሙቀቱን የምትለካው በዓይኗ ቆብ ነበር። እንቁላሉን አውጥታ በተጨፈነ ዓይኗ ላይ ታሳርፈዋለች። ካቃጠላት በዝቷል፤ ከቀዘቀዛት አንሷል፤ ዓይኗ ላይ መሆኑን ካስረሳት ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ እንቁላል የሰውየውን ላብ ይዞ ይወጣል። ወባ የያዘው ሰው ላብ ይኮመጥጣል፤ ያረጀ አጎዛ ይሸታል። ፊቷ ላይ ባሳረፈችው ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች።

ወሬው መንደሩን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤቷ ሩቂያ ከደጃፉ ሳትገባ ትስቃለች።

"ጋሼ አብዱልወሃብ፣ ታቅፈዋል አሉ! ብጠጋዎት ይነቁሩኛል?"

"ጥሬ በትኚልኝና ሂጂ" አለ አብዱልወሃብ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ።

ጥፋቱ የመጣው ወባው በተመለሰ ቀን ነው። አብዱልወሃብ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "በረደኝ! ሞትኩ በብርድ!" ይላል። ናፊሳ እንቁላሎቹም አብረውት የሚበርዳቸው መሰላት። በዓይኗ ቆብ መለካቱን ተወችና የባሏን ጥርስ አመነች። ጋቢ ደረበችበት፣ አጎዛ ጫነችበት፣ ያም አልበቃ ብሏት ድንጋይ በእሳት አግላ በጨርቅ ጠቅልላ ከሆዱ ጎን አስቀመጠችና እንጨት ልትለቅም ወጣች።

ስትመለስ ብርዱ በሙቀት ተተክቷል። አብዱልወሃብ ከአጎዛው ሥር ዓይኑ ቀልቶ ይቃዣል። ከድንጋዩ ወገን አንድ እንቁላል አውጥታ ዓይኗ ላይ ብታሳርፈው እንደ ፍም ለበለባት፤ ጮኸች። ድንጋዩን ወርውራ፣ አጎዛውን ገፍፋ፣ እንቁላሎቹን ሁሉ በቀሚሷ ይዛ ስታራግብ ዋለች። የትኛው እንደሞተ፣ የትኛው እንዳለ አታውቅም። ስለዚህ ባሏ ሲቀዘቅዝ ሁሉንም መልሳ አሰረችበት።

ሙታኑ ራሳቸውን አሳወቁ። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ ከየት እንደሚመጣ የማይያዝ፣ ምራቅ ውስጥ የሚገባ ሽታ። በኋላ አንዱ የአብዱልወሃብ ሆድ ላይ ፈነዳ። አረንጓዴ ውሃና የተብላላ አስኳል እምብርቱ ላይ ተጠራቀመ፤ ከመሃሉ ዓይኑ የጠቆረ፣ ያልተሠራ ነገር ተንሳፈፈ። ዝንቡ ከየት መጣ ሳይባል ቤቱን ሞላው።

"ያረቢ! ልብሴ ነጃሳ ሆነ!" አለ አብዱልወሃብ። "በምን እሰግዳለሁ? ሬሳ እኮ ነው ያሳቀፍሽኝ!"

ናፊሳ ለመመለስ አፏን ብትከፍት ሽታው ገባ። ከጎጆው ጀርባ ሮጣ አስመለሳት። ከዚያ ተመልሳ ባሏን በአመድና በውሃ ፈተገችው፤ የሚሸቱትን እየለየች ሩቅ ቀበረች። የቀሩት ጥቂት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ሲነሳበት እንቁላሎቹን አውጥታ ሩቂያ ጉያ ታስቀምጣለች፤ የምትመልሳቸው ወባው ሲተወው ነው። እንዲህ ሲሆን ዓይኗ ላይ መኖራቸውን ያስረሷታል። ለካስ የሚፈልጉት ደህና ሰው ኖሯል።

አብዱልወሃብ ደህና በሆነበት ቀን ተሻለ ያንን ሶላቶ አስከትሎ መጣ።

"እንዴት ነሽ እትዬ ናፊሳ፣ ጌታው እንቁላል አምሯቸዋል። ዶሮዋ ብቻዋን አልነበረችም አሉኝ።"

"የለም።"

ሶላቶው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባና የአብዱልወሃብን ጋቢ ገለጠ። ሻሹ ሆዱ ላይ ታስሯል። ሶላቶው ሳቀ። ሻሹን ፈታ፣ አንዱን አነሳ፣ ሚስማሩን ከኪሱ አወጣ።

"ተሻለ፣ ንገረው! ጫጩት አለበት በለው!"

ተሻለ ግን ሳይተረጉም ፈገግ አለ።

ሶላቶው አንጋጦ መጠጠ። ጉንጩ ቆመ። ከንፈሩ ላይ ደም የነካው እርጥብ ላባ ተለጠፈ። ከዚያ አጎንብሶ መደቡ ሥር አስመለሰ፤ የካምፑ ወይን ጠጅና ምሳው ተቀላቅሎ ወጣ። ተሻለም ፈገግታው ጠፋበት። ሶላቶው ዓይኑ እያነባ ይጮሃል።

"መርዝ ነው ይላሉ!" አለ ተሻለ።

"ጫጩት ነው! ጫጩት በላ በለው!"

ሶላቶው ሻሹን መሬት ላይ ዘርግፎ በጫማው ረገጠው። አንድ በአንድ ሲንኮሻኮሹ ትሰማለች። ከዚያ ወደ አብዱልወሃብ ዞሮ ጮኸ።

"ተነስ ይሉሃል!"

አብዱልወሃብ ተነሳ። ግራ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፣ አንገቱን አዘንብሎ ቆመ። "ወባ ይዞኛል በለው" አለ። "አጥብቆ ነው የያዘኝ። ሲተነፍሱት ይጋባል በለው።"

ተሻለ ይህን ወዲያው ተረጎመ። ሶላቶው እስከ በሩ በጀርባው ሄደ፤ ሲተፋ ድምፁ ከመንገዱ እስኪጠፋ ተሰማ።

ናፊሳ ተንበረከከች። ከቅርፊቱና ከትውከቱ መሃል አንድ ጫጩት፣ ላባው የበቀለ፣ ምንቃሩ የወጣ፣ እግሩን አንድ ጊዜ ዘረጋና ተወ። በሕይወት ነበር። ሙቀቱን አግኝታው ነበር። አንስታ በመዳፏ አቀፈችው።

"ናፊሳ" አለ ባሏ። "ተይው እሱን። ነይ ወደዚህ።"

"ምንህን መታህ?"

"አልመታኝም። ክንዴን ማንሳት ፈርቼ ነው።"

እጇን በብብቱ ሰደደች። አንድ እንቁላል አለ፤ ሙሉ፣ በላብ የረጠበ። አውጥታ ዓይኗ ላይ አሳረፈችው። ከውስጡ የሆነ ነገር ቆቧን በቀስታ ገፋት።

"ነገ የወባዬ ቀን ነው" አለ አብዱልወሃብ። "ሳልነድበት ያዢው። ውሃውን ሩቂያ ትቅዳ፤ ወፍጮው ይቅር፣ ጥሬ እንቆረጥማለን።"

በሚቀጥለው ቀን እሱ ከጋቢው ሥር ሲንቀጠቀጥ ናፊሳ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እንቁላሉ ጡቷ መሃል ተሰነጠቀ። ቅርፊቱ ወጋት፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ንፍጥ ነገር ሆዷ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ላባ የለሽ የሚመስል፣ የሚያዳልጥ፣ የሚፍጨረጨር ነገር ቆዳዋን ቧጠጠ። እንቁራሪት የገባባት ያህል ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ልትወረውረው እጇ ተነስቶ ነበር።

"ወጣ?" አለ አብዱልወሃብ ጥርሱ እየተጋጨ።

"ወጣ።"

"ምን ይመስላል?"

ወደ ጉያዋ አየች። ዓይኑ አብጧል፣ አንገቱ ራሱን አይሸከምም፣ ይሸታል።

"ይቀፋል።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

"አሁን አይሆንም" አለች፣ ቀሚሷን ከላይ እየሰበሰበች። "ይበርደዋል።"