ሥጋ የማያይ ዐይን

ሊቁ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው፤ የሳሙና ፋብሪካው ሠራተኛ ከመከራከር መቀበል ይቀላል ብሎ ተቀበለው። እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ጥገና ሠራተኛ ምድር ዳግመኛ አታበቅልም። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ካዳመጠ፣ ሞተሩ ሊሞት ሦስት ወር ሲቀረው ኑዛዜውን ይሰማል። ከፊት ጥርሶቹ ደግሞ አንዲቱ ወርቅ ናት፤ ሲስቅ ከግቢው ማዶ ያለ ዘበኛ ዐይኑን በመዳፉ ይከልላል።

ያን ሰሞን ለዐሥራ ሁለቱ የማድረቂያ ክፍሎች በር ሴንሰር እንዲመርጥ ታዘዘ። ተቆርጦ ያለቀው ሳሙና በረጃጅም የብረት ጋሪ ተደርድሮ፣ ወለሉ ላይ ያለው ሰንሰለት እየጎተተ ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል። በሩ ጋሪ ሲመጣ ተንሸራቶ እንዲከፈት፣ ሲያልፍ እንዲዘጋ፣ ከውስጥም ከውጭም የሚያይለት ዐይን ያስፈልገዋል። ሊቁ ሁለት ዓይነት ሞከረ። አንደኛው በብርሃን ጨረር የሚያይ ነበር፤ የእርጥብ ሳሙና እንፋሎት በጋረደው ቁጥር ጋሪ የመጣ እየመሰለው በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። ሁለተኛው ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ሲጠጋው ብቻ የሚነቃ ነው። እንፋሎት ቢሉት፣ አቧራ ቢሉት ቁብ አይሰጠውም።

«ተገኘ!» አለ ሊቁ። «ከዚህ የተሻለ ዐይን በዓለም ላይ ካለ ጢሜን በደረቁ ላጩኝ!»

የሳሙና ቆራጮቹ አለቃ የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። እትዬ ይላታል። በፋብሪካው ውስጥ ከመብረቅ ቀጥሎ የሚፈራው እሷን ነው።

«ሰውስ?» አለችው፣ ክንዷን አጣምራ።

«የምን ሰው?»

«ሰው ብቻውን ውስጥ ቢቀርስ? ያየዋል?»

«እትዬ ደግሞ! ሰው ያለ ጋሪ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? ቢቀርስ፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ አለ። ጠጋ ያደርገዋል፣ በሩ ይከፈታል። ብረት የሌለው ሰው ልብሱን ጥሎ የወጣ ዕብድ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ የውስጡን እጀታ ለምን ነቀልከው?»

«በራሱ ለሚከፈት በር እጀታ? መኪና ገዝቶ በቅሎ ማስከተል እኮ ነው!»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም። የተነቀለውን እጀታ አንሥታ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሁሉም ጋሼ የሚሉት የፋብሪካው ባለቤት ግን በሊቁ ምላስ ተማረከና፣ ከምሳ መልስ ለዐሥራ ሁለቱም ክፍሎች ግዢ እፈርማለሁ አለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዉ ለምሳ ወጣ። ሊቁ የውስጡን ዐይን ለመጨረሻ ጊዜ ላጥብቅ ብሎ ቀረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጣሳት አንዲት ሕግ አለችው፦ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ሰዓቱን፣ የጋብቻ ቀለበቱን፣ ቁልፉን፣ ቀበቶውን፣ ስልኩንም ሳይቀር አውልቆ ደጅ ያለች ጣሳ ውስጥ ያኖራል። ብረት ለብሶ ኤሌክትሪክ የሚነካ ሰው ሞትን በደብዳቤ የጠራ ነው ባይ ነው። ዛሬም እንደዚያው አደረገ። ቱታው ባለ ፕላስቲክ ቁልፍ፣ ጫማው ጎማ። ለሙከራ የቀረበውን ባዶ ጋሪ ተከትሎ ገባ፤ ከበሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ፣ በጉልበት ቁመት ላይ ያለውን ዐይን አጠበቀ፤ ካቻቢቴውን ጋሪው ላይ አስቀመጠና ግድግዳው ላይ ያለውን ማስነሻ ተጭኖ ሰንሰለቱን አስነሣ።

ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ዐይኑ አየው። በሩ ተከፈተ፣ ጋሪው ካቻቢቴውን ይዞ ውልቅ ብሎ ደጅ ከሰንሰለቱ ተላቀቀ፣ በሩም ተመልሶ ተዘጋ።

«አቤት ሥራ!» ብሎ አጨበጨበ ሊቁ። ከዚያ ጭብጨባው እጁ ላይ ሞተ።

ወደ ዐይኑ ሄዶ መዳፉን አስጠጋ። ዝም። ክርኑን አስጠጋ። ዝም። ኪሱን ቢዳብስ አንድ ቁራጭ ጨርቅ። በዚያ ክፍል ያለ ብረት ሁሉ ከወለልና ከግድግዳ የተበየደ ነው፤ ደግሞ ብየዳው የራሱ የሊቁ ስለሆነ ዝሆን አይነቅለውም። በሩን በጥፍሩ ሊፈለቅቅ ታገለ። እጀታው የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች እንደ ሁለት ዐይን አፍጥጠው አዩት። ጮኸ። ግድግዳው ሙቀት እንዳያባክን ክንድ ያህል መከላከያ ተጠቅጥቆበታል፤ ድምፁን እንደ ስፖንጅ ጠጣው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ማሞቂያው ልክ በሰባት ሰዓት በራሱ ይነሣል። ሰዉ የሚመለሰው በሰባት ተኩል ነው። ሰዉ ሲመጣ ክፍሉ ሞቆ ይጠብቀው ብሎ ሰዓቱን የሞላው ራሱ ሊቁ አይደል! በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ማሞቂያው ከጣሪያው ጥግ አጉረመረመ። መጀመሪያ እንደ ሰው ትንፋሽ፣ ቀጥሎ እንደ ምድጃ አፍ። ላቡ ከግንባሩ መንጭቶ ቢገደብ ሦስት ወፍጮ ያዞር ነበር። ግድግዳዎቹ አንድ አንድ ስንዝር የቀረቡ መሰለው። ተቀመጠ፤ ወለሉ ፈጀው። ቆመ፤ የላዩ አየር ባሰ። ጥርሱን ነከሰ።

ጥርስ!

በዚያች ቀን በዓለም ላይ ከሊቁ ፈጥኖ የተንበረከከ ሰው የለም። ከንፈሩን ገልብጦ የወርቅ ጥርሱን ከበሩ ዐይን ጋር አጋጠመ። ጠቅ አለ! በሩ ተከፈተ፤ ቀዝቃዛው የኮሪደር አየር ጀርባውን ዳሰሰው። ተነሥቶ ሮጠ። ጥርሱ ከዐይኑ በተለየ በሦስት ሰከንድ በሩ ይዘጋል፤ ሰንሰለት ለሚጎትተው ጋሪ ይበቃል፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ ለሚነሣ የሃምሳ ዓመት ሰው ግን አይበቃም። በሩ አፍንጫው ላይ ተዘጋ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ አፍንጫው ላይ። በሦስተኛው ተወው፤ ጥርሱን አስጠግቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ እዚያው ቀረ። ትንሽ አየር አገኘ። ነገር ግን ወጥመዱ ይኸው ነበር፦ ቢነሣ ይዘጋል፤ ቢጮህ ጥርሱ ይላቀቃል፣ ይዘጋል። ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ግድግዳ ነክሶ ዝም አለ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የእግር ኮቴ ሰማ።

«ኧረ ጋሼ፣ ኑ እዩልኝ!» የእትዬ ድምፅ ነው። «ሴንሰሩን እየሳመው ነው!»

«እኔን እንዲህ ወዶኝ አያውቅም» አለ ጋሼ እየሳቀ። «በሩም ተከፍቷል። ሥራው አምሯል ማለት ነው። ወረቀቱን ወዲህ በይው፣ እዚሁ ልፈርም።»

ሊቁ በጥርሱ ስር «እ! እእ!» አለ።

«ደስ ብሎት ነው» አለ ጋሼ። የእስክሪብቶው ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

ሊቁ ዐይኑን ጨፈነ። ዝም ቢል አየሩም ስሙም አሉት፤ ሁለቱ ሰዎች ገብተው ሲያነሡት አንድ ውሸት አያጣም። ዐሥራ ሁለት ክፍል ግን ታየው። በዐሥራ ሁለቱም ውስጥ የወርቅ ጥርስ የሌለው ሰው።

«አይፈርሙ!» ብሎ አፉን ነቀለ። «ሰው አያይም! እትዬ ልክ ነች፣ ሰው—»

በሩ ተዘጋ።

ጨለማ አልነበረም፤ አንድ አምፖል ነበር። እሱ ግን ጨለመበት። ምን ያህል እንደቆየ ሲጠየቅ አንድ ወር ይላል፤ እትዬ ጣሳውን አንሥታ ከውጭው ዐይን ጋር እስክታስጠጋ ድረስ ብቻ ስለሆነ አንድ ደቂቃም አይሞላም። በሩ ተከፈተ። በሁለት እጁ ተጎትቶ ወጣ፤ ቱታው ቢጨመቅ አንድ በርሜል ይወጣዋል።

«እና?» አለች እትዬ፣ ውሃ እያጠጣችው። «ልብሱን ጥሎ የወጣው ዕብድ የት አለ?»

«ይኸውልሽ፣ ቱታ ለብሷል።»

ጋሼ ወረቀቱን አጠፈው። «ታዲያ የትኛውን ልግዛ?»

«ለጋሪው ይኼንኑ። ለሰው ደግሞ አስቤ እነግርዎታለሁ» አለ ሊቁ። በሃያ ዓመት ውስጥ አስቤ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው። «ከሁሉ በፊት ግን እጀታ።»

እትዬ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ራሱ አሰረው። እስቲ ገብተህ ሞክረው አለችው። ጣሳውን አየ፤ ባዶ እጁን ገባ። እትዬ ጣሳውን ከውጭው ዐይን አርቃ በሩ መንሸራተት ሲጀምር ግን እስኪዘጋ አልጠበቀም፤ እጀታውን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ከበሩ ጋር አብሮ ተንሸራተተ።