የሂባቅ ቁርቁራ

ሂባቅ ከሆስፒታል ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ባሏን አዩብን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጀልዴሳ ገጠር የቁርቁራ ቅጠል እንዲያመጣላት።

አዩብ ባጃጅ ነጂ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የአባቱን እህት ኤዶ ዐስሊን ሊጠይቅ ጀልዴሳ በሄደ ቁጥር ቅጠሉን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞላት ይመጣል። እሷ ጥላ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ቀሲል ታደርገዋለች። ዱቄቱ በውሃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ፀጉሯን የምትታጠበው በሱ ብቻ ነበር፤ አዩብ የገዛላትን ሻምፑ ለጎረቤት ሰጥታበታለች። አሁን ግን የካንሰሩ መድኃኒት ፀጉሯን አርግፎታል።

"ቀሲሉን ምን ልታደርጊው ነው?" አላት።

"ታውቃለህ።"

ያውቃል። እናቱም አባቱም ሲሞቱ የታጠቡት በቁርቁራ ቅጠል ነው።

"እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ አይውጣ! አላህ ያድንሻል።"

"ኢንሻአላህ። ካልሆነ ግን የቀፊራ ገበያውን አልፈልግም፤ ከምን ጋር እንደሚደባልቁት አይታወቅም። ከኤዶ ዐስሊ ዛፍ ይሁንልኝ።"

ተቆጥቶ ወጣ። እስኪመሽ የደቻቱን ወንዝ ወዲያና ወዲህ እየተሻገረ ሰው ሲያመላልስ ዋለ፤ ማንን እንደጫነ ቢጠየቅ አያውቅም። በማግስቱ ጀልዴሳ ሄደ።

ኤዶ ዐስሊ ዛፉ ሥር የረገፈውን ፍሬ ፍየሎቿን እያስለቀመች ነበር። ድሮ ቁርቁራ የሞላበት ዳገት ተራቁቷል፤ ሁሉም ከሰል ሆኖ አልቋል። ይቺን ያተረፈቻት አሮጊቷ ናት፤ መጥረቢያ ይዞ የመጣውን ሁሉ "መጀመሪያ እኔን ቁረጥ" እያለች።

"ሂባቅ እንዴት ናት? ፀጉሯ በቀለላት?" አለችው።

አዩብ ቅርንጫፍ ጎተተ። እሾሁ እጁን ወጋው፤ እንዳልተሰማው ሰው መቀንጠሱን ቀጠለ። አሮጊቷ ይህን አየች። ከዚያ ፍየሎቹን ትታ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ትል የበላውን አትውሰድ ልጄ" አለችው ቀስ ብላ። "ለጋውን፣ ንፁሁን ምረጥላት።"

አብራው ቀነጠሰች።

ቅጠሉ ሲደርቅ አዩብ ራሱ ወቀጠው። ሂባቅ ካልጋዋ ሆና "አልላመም፣ ድገመው" ትለዋለች። ነፍቶ ሲጨርስ፦

"ትንሽ አሁን እጠበኝ" አለችው።

በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ አረፋውን በመላጣ ራሷ ላይ በጣቶቹ እያሸ አጠባት።

"ዓይንሽ ገባ?"

"አልገባም። ከጆሮዬ ኋላ ጨምርልኝ።"

እየሳቀች ነበር፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። እሱ ያላየ መስሎ ውሃውን ማፍሰሱን ቀጠለ።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ አንድ ማለዳ ሞተች። አጣቢዋ ቱሪያ መጥታ "ለባል ይፈቀድለታል፤ ግባና አግዘኝ" አለችው። አዩብ እስከ መጋረጃው ደርሶ ቆመ።

"አልችልም" አለ።

ውሃ ማቀበሉን ግን ለማንም አልሰጠም። ባዶው ባልዲ ሲመለስለት ሞልቶ፣ የወቀጠውን ቀሲል በጥብጦበት በመጋረጃው ሥር ያሳልፋል፤ እንደገና ይጠብቃል። ታጥባ ከተከፈነች በኋላ ቱሪያ ፊቷን ሳትሸፍን ጠራችው። ገባ። ግንባሯን ሳማትና አጠገቧ ቁጭ አለ። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛውን ይዘው ሲገቡ ተነሥቶ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ያዘ።